ከታሰበው በላይ ስለ መጣ የመብራት ሒሳብ፤ ቅን ሰው እንዴት ሊከራከር ይገባዋል?

አንባቢ ሆይ፤ አገሩን ለቆ በሰው አገር የሚኖር ሰው ከሚደርሱበት ታናናሽ መከራዎች አንዱ ይህ ነው። ወሩ ሲያልቅ ሰዎች ቢል የሚሉት የመብራት ሒሳብ ይመጣለታል፤ ቢያየውም ካሰበው እጥፍ ወይም ሦስት እጥፍ ሆኖ ያገኘዋል። ያን ጊዜ ልቡ ይደነግጣል፤ ከድንጋጤውም ቀጥሎ ቍጣ ይመጣል። አንዱ ሰው ወረቀቱን አጥፎ ዝም ብሎ ይከፍላል፤ ሌላው ደግሞ ምንም ሳይመረምር «ሌቦች ናቸው» ብሎ መክፈልን ይተዋል። ሁለቱም ነገሩን የጨረሱት ይመስላቸዋል፤ ዳሩ ግን አልጨረሱትም፤ ከሁለቱ አንዱ እንኳ እውነቱ ምን እንደ ሆነ አልጠየቀምና።

ምናልባት «ስለ መብራት ሒሳብ የሕሊናን ነገር ማንሣት ምን ያስፈልጋል?» ትል ይሆናል። የሰው ቅንነት ግን የሚፈተነው በዕድሜው አንድ ጊዜ በሚመጣ በታላቅ ነገር ብቻ አይደለም፤ በየወሩ በሚመጣ በትንሽ ነገር ነው እንጂ። ስለዚህ ሦስት ነገር እንመርምር። መጀመሪያ፥ ቆጣሪ ምን እንደ ሆነና የሚቈጥረውም ነገር ምን እንደ ሆነ፤ ሁለተኛ፥ ሒሳብ የበዛበት ሰው በምን ሥርዓት ሊከራከር እንደሚገባው፤ ሦስተኛ፥ ክርክሩ ስለ እውነት ይሁን ወይም ስለ ገንዘብ ብቻ በምን እንደሚታወቅ።

ቆጣሪ ሚዛን ስለ መሆኑ

የአሶሳንና የቤኒሻንጉልን አገር የሚያውቅ ሰው የወርቅን ነገር ያውቃል። በዚያ አገር በወንዝ ዳር አሸዋ እያጠቡ ወርቅ መልቀም ከጥንት የኖረ ሥራ ነው። የግብፁ ገዥ መሐመድ ዓሊ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1820 ሠራዊቱን ወደ ሱዳን ሲያዘምት፥ ካነሣሡት ነገሮች አንዱ የዚህ ወርቅ ዝና ነበር፤ በዳግማዊ ምኒልክም ዘመን የአሶሳው ገዥ ሼህ ሆጀሌ አልሐሰን ግብሩን በወርቅ ያገባ ነበር። ወርቅ አጣቢው ቀኑን ሙሉ ጎንብሶ ውሎ ያገኛት ቅንጣት ዋጋዋ የሚታወቀው በወርቅ ገዢው ሚዛን ላይ ነው። ድካሙ የሻጩ ነው፤ ሚዛኑ የገዢው ነው። ሚዛኑ የጠጕር ያህል ቢያጋድል የቀኑ ድካም በከንቱ ይቀራል፤ አጣቢውም በዓይኑ አይቶ ሊያውቀው አይችልም። ስለዚህ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በሚገበያይበት በዚያ አገር ሚዛን ማጕደል ከሌብነት ሁሉ የከፋ ሆኖ ይቈጠራል፤ በሁለቱም ወገን መጻሕፍት የተነቀፈ ነውና።

የመብራት ቆጣሪም እንደዚሁ ሚዛን ነው። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ወርቅ በሚሸጥበት ቦታ ሚዛኑ የገዢው ነበረ፤ በመብራት ነገር ግን ሚዛኑ የሻጩ ሆኖ በገዢው ቤት ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ባለቤቱ ሌላ፥ ጠባቂው ሌላ ነው። ሻጩ በሩቅ ሆኖ ገዢው ሚዛኑን እንዳይነካካ ያምነዋል፤ ገዢውም ሚዛኑ በእውነት እንደሚቈጥር ሻጩን ያምነዋል። ይህ መተማመን ከሁለቱ ባንዱ በኩል ሲፈርስ ንግዱ ንግድ መሆኑ ይቀርና መቀማማት ይሆናል። እንግዲህ በሒሳብ ላይ መከራከር ይህን የፈረሰ መተማመን መጠገን ነው እንጂ ጠላትነት አይደለም። ሚዛን ይታይልኝ ያለ ሰው ባለሚዛኑን አልሰደበም።

ስለሚቈጠረው ነገር

ቆጣሪው የሚቈጥረው ኪሎ ዋት ሰዓት በሚባል መስፈሪያ ነው። ይህም ማለት አንድ ኪሎ ዋት የሚስብ ዕቃ አንድ ሰዓት ቢሠራ የሚጨርሰው ኀይል ነው። በአገራችን ሴቶች እንጀራ የሚጋግሩበት የኤሌክትሪክ ምጣድ ሦስት ኪሎ ዋት ተኩል ያህል ይስባል እንበል፤ በወር ስምንት ቀን ሁለት ሁለት ሰዓት ቢጋገርበት 56 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። በብርድ አገር የሚኖር ሰው ደግሞ ሁለት ኪሎ ዋት የምትስብ ትንሽ የክፍል ማሞቂያ ገዝቶ በየሌሊቱ ስምንት ሰዓት ቢያነዳት በ30 ቀን 480 ኪሎ ዋት ሰዓት ትሆንበታለች። ምጣዱ ትልቅና የሚያስፈራ ነው፤ ማሞቂያይቱ ትንሽና ዝምተኛ ናት፤ ነገር ግን ከስምንት እጥፍ በላይ የበላችው እርስዋ ናት። ዓይን የሚፈርደው ሌላ፥ ቍጥር የሚፈርደው ሌላ ነው።

ይህ ኀይል ከየት እንደሚመጣ ለማሰብ ደግሞ ወደ ጉባ እንመልከት። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል በመተከል ዞን በጉባ ወረዳ፥ ከሱዳን ድንበር ብዙ ሳይርቅ፥ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ. ም. የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ መሠረት ተጣለ። የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ. ም. የመጀመሪያው ተርባይን ኀይል ሰጠ፤ ጳጕሜን 4 ቀን 2017 ዓ. ም. ግድቡ ተመረቀ። ቁመቱ 145 ሜትር ነው፤ ርዝመቱ 1,780 ሜትር ነው፤ ከኋላውም ንጋት ተብሎ የተሰየመው ሐይቅ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ እንዲይዝ ሆኖ ተሠራ። ሊያመነጭ የሚችለው ኀይል 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ከዚያም በ500 ኪሎ ቮልት መስመር ተጭኖ ወደ ሆለታ ይጓዛል።

በዚህ ሥራ ውስጥ የስንቱ ሰው ነገር እንዳለበት አስብ። በጉባ ሙቀት ቀንና ሌሊት የሠራ ሠራተኛ አለ። የወር ደመወዙን የሰጠ አስተማሪና ዘበኛ አለ። በዋሽንግተንና በለንደን፥ በጅዳና በቤይሩት ሆኖ ቦንድ የገዛ፥ በሰው ቤት አገልግሎ ካገኘው ቀንሶ የላከ ስደተኛ አለ። በዓባይ ዳር የኖሩ፥ ውሃው እንዳይደርስባቸው ቀያቸውን ለቀው ወደ ሌላ ስፍራ የሠፈሩ የጉሙዝ ወገኖች አሉ። በዚያው ክልል ገጠር ዛሬም የመብራት መስመር ያልደረሰባቸው፥ በማገዶ የሚያበስሉ ብዙ መንደሮች አሉ። ስለዚህ አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት እንዲሁ ከግድግዳ የሚወጣ ከንቱ ነገር አይደለም። በከንቱ ማባከኑም ነውር ነው፤ መስረቁም ነውር ነው፤ ያልተሸጠውን እንደ ተሸጠ አድርጎ ማስከፈሉም ነውር ነው። በሰው አገር የሚነደው መብራት ከጋዝ ወይም ከነፋስ ወይም ከሌላ ነገር ቢመጣም ፍርዱ አንድ ነው፤ በዚያም ቢሆን የሰው ድካም አለበትና።

ሒሳብ ስለሚበዛበት ምክንያት

የመብራት ሒሳብ የሚበዛባቸው ሥሮች ሦስት ናቸው፤ እነዚህም የተበላው መጠን፥ የአንዱ መስፈሪያ ዋጋና ቈጠራው ናቸው። ተከራካሪ ሰው አስቀድሞ ከሦስቱ የትኛው እንደ በዛበት ካልለየ፥ በሽታውን ሳያውቅ መድኃኒት የሚፈልግ ሰው ይመስላል።

መጠኑ የሚበዛው ከላይ እንደ ተናገርነው ነው። ክረምት ይመጣል፤ ውሃ ማሞቂያ ሳይጠፋ ያድራል፤ እንግዳ መጥቶ ይሰነብታል፤ ከሙቅ አገር የመጣ ሰው የብርድን ዋጋ ገና አልተማረም። ዋጋው ደግሞ አንተ ምንም ሳትለውጥ ሊወጣ ይችላል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2022 በሚያዝያ ወር በብሪታንያ ለቤት ተጠቃሚዎች የተወሰነው የዋጋ ጣሪያ በ54 በመቶ ከፍ ብሎ ነበር። በዚያ ወራት ብዙ ስደተኛ ቆጣሪው የተበላሸ መስሎት ነበር፤ ነገር ግን የተለወጠው ዋጋው ነበረ እንጂ ቆጣሪው አልነበረም።

ሦስተኛው ሥር የቈጠራ ስሕተት ነው፤ ይህም በእውነት ይሆናል። በብሪታንያ ሻጩ ቆጣሪው ሳይነበብለት ሲቀር በግምት ያስከፍላል፤ ግምት መሆኑም በሒሳቡ ወረቀት ላይ ይጻፋል፤ ብዙ ሰው ግን ጠቅላላውን ገንዘብ ብቻ አይቶ ያንን ትንሽ ቃል ሳያነብ ይቀራል። አዲስ ተከራይ ሲገባ የመግቢያው ቍጥር ካልተመዘገበ ቀድሞ የነበረው ተከራይ የበላው በእርሱ ላይ ይወድቃል። ብዙ ቤት ባለበት ሕንጻ የአንዱ ቤት ቆጣሪ በሌላው ቤት ስም ተጽፎ የተገኘበት ጊዜም አለ። እንደዚህ በሆነ ጊዜ ጎረቤት ያበራውን ጎረቤት ይከፍላል፤ ሁለቱም አያውቁም።

በምን ሥርዓት መከራከር እንደሚገባ

መጀመሪያ፥ ከሌላው በፊት የራስህን ቤት መርምር። ወደ ቆጣሪው ሄደህ ቍጥሩን ጻፈው፤ በወረቀቱ ላይ ካለውም ጋር አስተያየው። ከዚያ በኋላ በቤትህ ያለውን ዕቃ ሁሉ አጥፍተህ ቆጣሪውን ተመልከት፤ ሁሉም ጠፍቶ ሳለ ቆጣሪው ቢቈጥር ወይ የረሳኸው ዕቃ አለ ወይ ቆጣሪው ሌላ ቤት ይዞአል። አንድ አንድ እያልህም አብራ፤ የትኛው ምን ያህል እንደሚበላ ታያለህ። ይህን ያደረገ ሰው ከሁለት ነገር አንዱን ያገኛል፤ ወይም ስሕተቱ ከራሱ ቤት መሆኑን አውቆ በሰላም ይከፍላል፤ ወይም ማስረጃ በእጁ ይዞ ይናገራል። ሁለቱም ትርፍ ነው።

ሁለተኛ፥ እንደ አገሩ ሥርዓት ተናገር። «ያገሩን ሠርዶ ባገሩ በሬ» ይባላል። በሰው አገር መጮኽና መሳደብ ነገር ያበላሻል እንጂ አያቀናም፤ በስልክ የሚመልስልህም ሰው ሒሳቡን የሠራው ሰው አይደለም፤ እርሱም እንዳንተ ለእንጀራው የተቀመጠ ነው፤ ምናልባትም እንዳንተ ስደተኛ ነው። ስለዚህ በጽሑፍ አድርገው። ቀኑን፥ የቆጣሪውን ቍጥር፥ ያነበብኸውን መጠን፥ የምትጠይቀውን ነገር በአጭር ቃል ጻፍ፤ የመለሱልህንም ሁሉ ጠብቀህ አኑር። ሻጩ በተወሰነው ጊዜ ካልመለሰ ወይም መልሱ ካላረካህ በብሪታንያ የኀይል እንባ ጠባቂ የሚባል ገለልተኛ ዳኛ አለ፤ በአሜሪካም በዋሽንግተን ከተማ የሕዝብ አገልግሎት ኮሚሽን የተጠቃሚውን አቤቱታ ይቀበላል። እነዚህ ለአገሩ ተወላጅ ብቻ የቆሙ አይደሉም፤ በዚያ የሚኖር ተጠቃሚ ሁሉ ሊጠራቸው ይችላል።

ሦስተኛ፥ የማትክደውን ክፈል። በየወሩ የለመድኸውን ያህል መብራት በእርግጥ በልተሃል፤ እርሱን አትከራከርም። እንግዲህ ያንን ከፍለህ በቀረው ላይ ተከራከር። ሁሉን ይዞ የሚከራከር ሰው እውነት ቢኖረውም እንኳ ባለዕዳ ይመስላል፤ የሚገባውን ከፍሎ የሚከራከር ግን የሚሻው ፍርድ እንጂ ማምለጥ እንዳይደለ ሥራው ይመሰክርለታል።

አራተኛ፥ ፍርዱ በአንተ ላይ ቢሆን ለመቀበል ተዘጋጅ። ቆጣሪው ይመርመርልኝ ማለት ይቻላል፤ ቆጣሪው ደኅና ሆኖ ከተገኘ ግን የምርመራውን ዋጋ ጠያቂው የሚከፍልበት ጊዜ አለ። ይህ ጨካኝ ደንብ ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን አንድ ጥያቄ ይጠይቅሃል፤ «በእውነት ታምንበታለህን ወይስ ዕድልህን ልትሞክር ነው?» ሊረታ የማይፈቅድ ሰው ሊከራከር አይገባውም፤ እርሱ የሚፈልገው ዳኛ ሳይሆን ምስክር ነውና።

ዝም ስለሚሉ ሰዎች

አንዳንድ ሰው ግን እንዲህ ይላል፦ «እኔ እንግዳ ነኝ፤ ቋንቋውንም በደንብ አላውቅም፤ መኪና የቈጠረውን ነገር ማን ይሽርልኛል? ዝምታ ወርቅ ነው።» አንባቢ ሆይ፤ ሚዛን በተዛባበት ቦታ ዝምታ ወርቅ አይደለም፤ ወርቅ የሚያጐድል ነው እንጂ።

በዚያው በብሪታንያ የሆነውን ነገር ስማ። ፖስታ ቤቱ ሆራይዘን የሚባል በኮምፒዩተር የሚሠራ የሒሳብ ሥርዓት ነበረው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1999 እስከ 2015 ድረስ ይህ ሥርዓት በየቅርንጫፉ ገንዘብ ጐደለ እያለ ሲያሳይ፥ መኪና አይዋሽም ተብሎ ከ900 በላይ የሚሆኑ ሰዎች በሌብነትና በማጭበርበር ተፈርዶባቸው ነበር። ከእነርሱም ወደ ወኅኒ የወረዱ አሉ። ሌሎች ብዙዎች ደግሞ ከፍርሃት የተነሣ ያልወሰዱትን ገንዘብ ከኪሳቸው ሞሉ፤ እያንዳንዱም «እንዲህ የሆነብህ አንተ ብቻ ነህ» ይባል ስለ ነበር ጥፋቱ ከራሱ የመጣ መሰለው። በ2019 ፍርድ ቤት ሥርዓቱ ስሕተት እንደ ነበረበት ወሰነ፤ በ2024ም ምክር ቤቱ በሕግ ፍርዶቹን ሻረ። ይህን ሁሉ ዓመት የፈጀው ምንድር ነው? አንዱ የመኪናው ስሕተት ነው፤ ሁለተኛው የሹማምንቱ እልከኝነት ነው፤ ሦስተኛው ግን እያንዳንዱ ብቻውን ሆኖ መቅረቱ ነው።

እንግዲህ ያልበላኸውን ዝም ብለህ ስትከፍል ገንዘብህን ብቻ የተውህ አይምሰልህ። ካንተ በኋላ በዚያ ቤት የሚገባው ተከራይ፥ በዚያ ሕንጻ የሚኖረው ቋንቋ የማያውቅ ሽማግሌ፥ በዚያ የተዛባ ሚዛን ይመዘናል። ትሕትና ስለ ራስ ክብር አለመከራከር ነው፤ ሐሰት ጸንቶ እንዲኖር መፍቀድ ግን ትሕትና አይባልም። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይላሉ አባቶቻችን፤ ነገር ግን እውነትን የሚጠይቃት ሰው ከሌለ እያደረች ትቀበራለች።

ክርክሩ ስለ ምን እንደ ሆነ የሚታወቅበት

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ደረስን። በሒሳቡ ላይ የምትከራከረው ስለ እውነት መሆኑ በምን ይታወቃል? በአንድ ነገር ይታወቃል። በሚመጣው ወር ሒሳቡ ካሰብኸው በእጅጉ አንሶ ቢመጣ ምን ታደርጋለህ?

ይህን ጥያቄ በፍጥነት አትለፈው። ሒሳቡ ሲበዛ ቆጣሪውን ለማየት ወዲያው ትሮጣለህ፤ ሲያንስ ግን ማን ይሮጣል? በግምት የተጻፈው ቍጥር ካነበብኸው ከፍ ሲል «ስሕተት ነው» ትላለህ፤ ዝቅ ሲልስ? ሚዛን በሁለት ወገን ያጋድላል፤ ወደ እኔ ሲያጋድል ዝም ብዬ ወደ ሌላው ሲያጋድል የምጮኽ ከሆንሁ፥ ጩኸቴ ስለ ሚዛን አልነበረም። እንዲያውም ዝቅ ያለውን ሒሳብ በዝምታ ያለፈ ሰው ከወራት በኋላ ቆጣሪው በተነበበ ጊዜ የተጠራቀመው ሁሉ ባንድ ቀን ይመጣበታል፤ ያን ጊዜ «በድንገት በዛብኝ» ብሎ ይጮኻል። ነገር ግን በድንገት አልበዛበትም፤ በየወሩ ሲያንስለት ደስ ብሎት ዝም ብሎ ነበር።

ስለዚህም ነገር በብሪታንያ የተደነገገ አንድ ደንብ አለ። ከ2018 ጀምሮ ሻጩ በራሱ ስንፍና ሳያስከፍል የቀረውን ከ12 ወር የቆየ ሒሳብ ከቤት ተጠቃሚ እንዲጠይቅ አይፈቀድለትም፤ ተጠቃሚው ሆን ብሎ ከልክሎት ከሆነ ግን ደንቡ አያድነውም። እንግዲህ ሕጉ ነጻ ያወጣህ እንደ ሆነ ሕሊናም ነጻ ያወጣሃልን? እኔ እንዲህ እላለሁ። ቍጥሩን በጊዜው ያስታወቅህ፥ ደብዳቤ የጻፍህ፥ በርህንም ለአንባቢው የከፈትህ ከሆንህ፥ ሕጉ የሻጩን ስንፍና ዋጋ በሻጩ ላይ አድርጓልና በሰላም ተቀበለው፤ ድኻው የሌላውን ስንፍና ባንድ ቀን እንዳይሸከም የተሠራ መልካም ሕግ ነው። አውቀህ ዝም ብለህ 12 ወሩን ስትቈጥር የነበርህ ከሆንህ ግን፥ ዳኛው ባይይዝህም አንተ በራስህ ፊት ሚዛን አጕዳይ ነህ። ሕጉ አንድ ነው፤ ሁለት ሰዎች ግን በሁለት ልብ ይገቡበታል።

ግድቡን እኛ ሠራነው ስለሚሉ

አሁን ደግሞ ከሰው አገር ወደ አገር ቤት ሒሳብ እንመለስ። በውጭ አገር የሚኖር ብዙ ሰው በአዲስ አበባ ወይም በአሶሳ ወይም በሌላ ከተማ ቤት አለው፤ እናቱ ወይም ወንድሙ ይኖሩበታል፤ የመብራቱንም ሒሳብ እርሱ ይልካል። ይህ ሰው ሒሳቡ ሲበዛ እንዲህ ይላል፦ «ለግድቡ የሰጠሁ እኔ አይደለሁምን? ቦንድ የገዛሁ እኔ አይደለሁምን? ግድቡ ከተፈጸመ በኋላ ስለ ምን ዋጋ ይጨምሩብኛል?» የመብራት ዋጋ በ2011 ዓ. ም. ተሻሽሎ በየዓመቱ ከፍ ብሎ ነበር፤ ደግሞም ከመስከረም 2017 ዓ. ም. ጀምሮ በአራት ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ ከፍ እንዲል ተወስኗል። ስለዚህ ጥያቄው ከባዶ የመጣ አይደለም።

ነገር ግን ሦስት ነገሮችን አንለይምን? ስጦታ አለ፤ ብድር አለ፤ ዋጋ አለ። የወር ደመወዝህን ለግድቡ ብትሰጥ ስጦታ ነው፤ ስጦታ መልሶ አይጠየቅም፤ ከተጠየቀም ቀድሞ ስጦታ አልነበረም። ቦንድ ብትገዛ ብድር ነው፤ የብድርህን መመለሻ በቀኑ ልትጠይቅ ይገባሃል። የመብራቱ ሒሳብ ግን ዋጋ ነው፤ ዋጋ የሚከፈለው ዛሬ ስለ በላኸው ነው። በጉባ ያለው ግድግዳ ቢቆም እንኳ ኀይሉ ከዚያ ወደ መንደር የሚደርሰው በምሰሶና በሽቦ በትራንስፎርመርም ነው፤ እነዚህም በየዓመቱ ገንዘብ ይበላሉ። ዋጋው ለምን እንደ ጨመረ፥ የተሰበሰበውም በምን ላይ እንደ ዋለ መጠየቅ ለሰጪውም ለዜጋውም የተገባ ነው፤ ጠይቅ፥ አጥብቀህም ጠይቅ። «ሰጥቼ ነበርና አልከፍልም» ማለት ግን ስጦታህን ወደ ንግድ መለወጥ ነው።

በቤት ስላሉ ዘመዶች

ከዚህም የሚከፋ ሌላ ነገር አለ። በውጭ ያለው ሰው በእጅ ስልኩ የሒሳቡን ሥዕል ተቀብሎ ባየ ጊዜ ወዲያው ወደ ቤት ይደውላል። «ምን ስትሠሩ ነው ይህ ሁሉ የበዛው?» ይላል። እናቱ በስተርጅናዋ እንደ ባሪያ መጋቢ ሒሳብ ትጠየቃለች፤ ታናሽ ወንድሙ እንደ ሌባ ይታያል። ምናልባት ግን ጥፋቱ በቤት ካሉት አይደለም።

አስተውል፤ በአገራችን የመብራት ዋጋ እንደ መጠኑ ደረጃ አለው፤ ጥቂት የሚጠቀም በዝቅተኛ ዋጋ፥ ብዙ የሚጠቀም በከፍተኛ ዋጋ ይከፍላል። በ2011 ዓ. ም. ዋጋው ሲሻሻል በወር እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤት ጭማሪ ሳይደረግበት የቀረው ድኻውን ለመጠበቅ ነበር። እንግዲህ በወር 50 ብቻ የሚጠቀም ቤት ቆጣሪው አራት ወር ሳይነበብ ቢቆይና በአንድ ወር 200 ተብሎ ቢጻፍበት ምን ይሆናል? ያ ቤት በወረቀት ላይ ባለጠጋ ሆኖ ይቈጠራል። እናት አምፖል አልጨመረችም፤ ምጣድ አልጨመረችም፤ የአራቱ ወር ቍጥር ባንድ ወር ስለ ወደቀ ብቻ በማይገባት ዋጋ ትከፍላለች። እንዲህ የሆነበት ቤት ወራቱ እንዲከፋፈልለት መጠየቅ ይገባዋል፤ የሚጠይቀው ምሕረት ሳይሆን ትክክለኛ ቈጠራ ነውና።

ስለዚህ ወንድሜ ሆይ፤ ሰውን ከመጠየቅህ በፊት ቆጣሪውን ጠይቅ። በቤት ላሉት «እስቲ የቆጣሪውን ቍጥር አንሥታችሁ ላኩልኝ፤ አንባቢውስ ለመጨረሻ ጊዜ የመጣው መቼ ነው? ወረቀቱ የስንት ወር ነው?» ብለህ በትሕትና ተናገር። በእናትህ ላይ የተናገርኸውን ክፉ ቃል የትኛውም መሥሪያ ቤት ታርሞ አይመልስልህም፤ የተሳሳተ ሒሳብ ግን ሊታረም ይችላል።

መደምደሚያ

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ ከዚህ ሁሉ ይህን ያዝ። ከታሰበው በላይ የመጣ ሒሳብ ሰውን በሦስት በኩል ይፈትነዋል። ፈሪውን በዝምታ ይፈትነዋል፤ ቍጡውን በስድብ ይፈትነዋል፤ ገንዘብ ወዳዱን ደግሞ ከእውነተኛው በታች ለመክፈል ምክንያት በመስጠት ይፈትነዋል። ቅን ሰው ግን ከሁሉ አስቀድሞ ስንት በላሁ ብሎ ይጠይቃል፤ የበላውን ያህል ይከፍላል፤ ካልበላው ላይ ግን በትዕግሥትና በጽሑፍ፥ በማስረጃም ይከራከራል፤ ከበላውም ያነሰ በተጠየቀ ጊዜ እንዲሁ በጽሑፍ ያስታውቃል።

የመጨረሻውን ነገር የሚያደርግ ሰው ጥቂት ነው። እርሱ ግን ሌላ ጊዜ «ቆጣሪያችሁ ተሳስቷል» ብሎ በጻፈ ጊዜ ደብዳቤው ከሌላው ሰው ደብዳቤ ይልቅ ክብደት አለው፤ መሥሪያ ቤቱ ባያውቀው እንኳ እርሱ ራሱ ያውቀዋልና አይፈራም። ይህን በልብህ አኑር፤ ዛሬ ማታም ከመተኛትህ በፊት ቆጣሪህን ሄደህ አንብብ፥ ቍጥሩንም ከነቀኑ ጻፈው።